አምስተኛው ብልቃጥ

ደብዳቤው በሽርጧ ኪስ ውስጥ አራተኛ ቀኑን ያዘ። ዕቃ ልታጥብ ጎንበስ ባለች ቁጥር የወረቀቱ ጠርዝ ሆዷን ይወጋታል፤ ቀና ስትል ይተዋታል፤ እንደገና ጎንበስ ስትል ደግሞ፣ «ኧረ መልሴስ?» እንደሚል ሰው ይጎነትላታል። አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ልታስገባው ትችል ነበር። አላስገባችውም። ይውጋኝ ብላ ተወችው።

ሥራዋ ብልቃጥ ማጠብ ነው። በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከምርምር ክፍሉ አጠገብ፣ ሁለት ገንዳ፣ አንድ የእንፋሎት ማሽንና አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል አለች፤ ዘጠኝ ዓመት የዋለችው እዚያች ውስጥ ነው። ወጣቶቹ «እትዬ ብልቃጥ» ይሏታል። መጀመሪያ የሰማች ቀን ተቆጥታ ነበር፤ ኋላ ግን «ባልዲ ካላሉኝ ምን ቸገረኝ» ብላ ለመደችው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም። ትምህርቷን አራተኛ ክፍል ላይ አቁማለች፤ ግትርነቱን ግን እስከ መጨረሻው ተምራዋለች።

ደብዳቤውን የጻፈላት ዶክተሩ ነው። በሽተኛ የሚያይ ዶክተር አይደለም፤ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሮ የሚውል፣ ሸሚዙን አንዳንዴ ገልብጦ የሚለብስ ዶክተር ነው። ድሮ የሚመራመረው ሌላ ነገር ነበር። ሚስቱ ቆሽቷን ታማ በሰባት ወር ውስጥ ከሞተችበት ወዲህ ግን ዓለሙ ሁሉ ቆሽት ሆነ። ሴትዮዋ መምህርት ነበረች፤ ስትታከም ከደሟም፣ ከወጣላት ዕጢም እየቆጠበ በማቀዝቀዣ እንዲያስቀምጥ የነገረችው ራሷ ናት። «ለእኔ ባይደርስ ለሌላ ይደርስ ይሆናል» አለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ደምና ያንን ዕጢ ፊት ለፊት እያስቀመጠ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ሰውነቷ በሽታውን አውቆት ነበር ወይስ አላወቀውም?

እንዴት እንደተቀራረቡ ቢጠየቁ ሁለቱም አያውቁትም። ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ሲያገኘው ፊቱን ያጨፈግግለት ነበር። እሷ አላጨፈገገችም። አንድ ቀን የጋሪው ጎማ ወልቆ ቅርጫቱን ራሱ ተሸክሞ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት፣ «አስቀምጠውት ይሂዱ፤ ቆመው ካዩኝ እሰብራለሁ» አለችው። ሳቀ። ቴክኒሻኗ፣ ቀጮዋ የሚሏት፣ ሳቁን ሰምታ ከኮሪደሩ ተመልሳ በበሩ መስታወት አጮለቀች። ሲስቅ ካየችው ዓመት አልፎት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጎማው ቢጠገንም ቅርጫቱን ራሱ ማምጣቱን አልተወም። መጀመሪያ አምጥቶ ይሄድ ነበር፤ ቀጥሎ አምጥቶ ይቆም ጀመር፤ በመጨረሻ የሳሙናውን ሣጥን ገልብጦ መቀመጥ ለመደ። በማይመጣበት ቀን በቅርጫቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ ይልካል። አንዱ ላይ፣ «እነዚህ ተሰባሪ ናቸው። እኔም» ብሎ ጻፈ። እሷ ያንን ፕላስተር ግማሽ ቀን ስታየው ዋለችና ባዶውን ቅርጫት ስትመልስ በትልልቅ ፊደሏ፣ «ሁለታችሁም በቀስታ ተይዛችኋል» ብላ ለጠፈችበት። ይኸው ነው ፍቅራቸው። ከዚህ በላይ የሆነ ነገር የለም። ግን የበሩ መስታወት ላይ ጥላው ሲያርፍ ደረቷ ውስጥ የሚሆነውን እሷ ታውቀዋለች።

ሥራውን የነገራት እዚያው ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነው።

«በደማችን ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ዘበኞች አሉ» አላት። «እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ከውስጡ ያለውን እየቆረሰ ደጁ ላይ ያሰጣል። ጤነኛው ጤነኛውን፣ የታመመው የታመመውን። ዘበኛው ቤት ለቤት ይዞራል። ዓይን የለውም፤ በእጁ ነው የሚዳብሰው። የተሰጣው የቤተሰብ ከሆነ ያልፋል።»

«የሌባ ከሆነስ?»

«ይይዘዋል። አይለቀውም። ግን አንዱ ቲ ሴል በዕድሜው የሚያውቀው አንድ ምልክት ብቻ ነው። ለዚያች ምልክት ይፈጠራል፤ እሷን ሲፈልግ ይኖራል።»

«ካላገኛትስ?»

«ሳያገኛት ያረጃል።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ከዚህ የበለጠ የራሷን ነገር የሚናገር ቃል ከሰው አፍ ሰምታ አታውቅም። ነገር ግን ልማዷ ቀደማትና፣ «እንግዲህ ሴሉም ቆሞ ቀር አለው በሉኛ» አለችው።

ሳቀና ቀጠለ። የቆሽት ዕጢ ከሁሉም ተንኮለኛው ነው አላት። ዙሪያውን በደረቅ ሥጋ ያጥራል፤ ዘበኛው አጥሩ ጋ ደርሶ ይቀራል። ቢገባ እንኳ ዕጢው የሚያሰጣው ጥቂት ነው፤ ያም የጤነኛውን ይመስላል። ዘመድ መስሎ የገባ ሌባ ነው። እሱ ከሚስቱ ዕጢ ላይ ስምንት ምልክት ለቅሞ፣ የቀረውን ደሟን ለስምንት ብልቃጥ አካፍሎ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንዳንድ ምልክት ጨምሮ ሊያሳድር ነው። ሌላ ደም የለም። መጨረሻው ይህ ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር።

«እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ደብዳቤ ከጻፍኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። እንደ መጣልኝ ልጻፈው።

ሥራውን ልዘጋው ነው። ሰባቱም ብልቃጦች ዝም አሉ፤ የጠፋው ስምንተኛም ቢገኝ ከእነሱ አይለይም። ሁለት ዓመት ደጅ ጠናሁ፤ የሚመልስልኝ የለም። የእሷ ሰውነት ዕጢውን አላወቀውም። ሳይታገል ነው የተሸነፈው። ይህን ማመን እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን አመንኩ። ካመንኩ በኋላ ደግሞ ቤቴ መግባት አማረኝ። ቤት ስል የመጣብኝ የአንቺ ፊት ነው።

እሑድ ለምሳ ታላቅ እህቴ ትመጣለች። ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ተቆጣች፤ በመጨረሻ ‹እስቲ ልያት› አለች። ነይ። ከመጣሽ ቀሪውን ዕድሜ አብረን እንድንኖር እፈልጋለሁ። ካልመጣሽም ብልቃጥ ማምጣቴን አላቆምም።»

ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማንበብ ስለማትችል ሰው እንዳያያት የእንፋሎት ማሽኑ ጀርባ ገብታ ነው ያነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደስታው መጣ፤ አልካደችውም። ወዲያው በደስታው ላይ ያ ቢጫ ብልቃጥ መጥቶ ተቀመጠበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ሰኞ ቀን ነበር። ዶክተሩ ብልቃጦቹን በማይክሮስኮፕ ሊያይ አንዱን ከማሞቂያው ሣጥን እንዳወጣ ስልኩ ጮኸ። ታላቅ እህቱ ነበረች። ሁልጊዜ የሚታየው ብልቃጥ በጋሪው የላይኛው መደብ፣ የሚደፋው በታችኛው ነው የሚቀመጠው። ያን ቀን ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ፣ ብልቃጡን ልብ ሳይለው በታችኛው ላይ አስቀምጦት ወደ ደረጃው ወጣ። ረሳው። እሱ ስለቀረ እሷ ራሷ መጥታ የታችኛውን ሰበሰበች።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውሃ ቢጫ ነበር። ሴሎቹ የሚበሉት ውሃ ቀይ ነው፤ ወጣቶቹ «ሾርባ» ይሉታል። ከገንዳዋ በላይ ግድግዳው ላይ ገና ሥራ በጀመረች ሰሞን የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ጽሕፈቱ የዶክተሩ ነው፤ ለእሷ እንዲመች ብሎ ፊደሉን አግዝፎ ጽፎታል፦ «ቢጫ የሆነ ሁሉ በረኪና ይግባበት።» ቢጫ ማለት ጀርም ገብቶበት የተበላሸ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት እንዲያ ነው የሠራችው።

ያም ሆኖ ብልቃጡን አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አይታዋለች። የተበላሸ ደፍራሽ ነው፤ ይህ ግን የጠራ ነበር። ከሥሩ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ቅንጣት ተኝቷል። እጇ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ሕግ ሕግ ነው አለችና በረኪናውን ጨመረችበት። ፕላስተሩን ስትልጥ ጣቷ ላይ የቀረው ቁጥር አምስት ነበር።

ረቡዕ ዶክተሩ ብልቃጦቹን ሲቆጥር ሰባት ሆኑበት። ፎቁን ሁሉ ጠየቀ። የእሷ በር ላይም መጥቶ፣ «አምስት ቁጥርን አይተሻል?» አላት። ደነገጠች። ራሷን ነቀነቀች፤ አላየሁም። ውሸቱ ከአፏ እንኳ አልወጣም፤ ከአንገቷ ነው የወጣው። እሱም አመናት፤ ሣጥኑን ገልብጦ ተቀመጠና በረጅሙ ተነፈሰ።

ልታጽናናው ብላ፣ «ግን እነዚህ ዘበኞች የሚፈልጉትን ሲያገኙ በምን ይታወቃሉ?» አለችው።

«ይነቃሉ» አላት። «ይበላሉ፣ ይበዛሉ። እንደ ንብ ይሰበሰባሉ፤ በዓይን ሁሉ ይታያሉ፣ ልክ እንደ አሸዋ ቅንጣት። ቀዩን ውሃ በልተው ቢጫ ያደርጉታል። ከሰባቱ አንዱ እንኳ ቢጫ ቢሆንልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።»

ጀርባዋን ሰጥታው ነበር የቆመችው። እግዜር ይስጠው፣ ፊቷን አላየውም።

---

ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ታናሽ እህቷን የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አገኘቻት። ሁለቱ አብረው ነው የሚኖሩት፤ ታናሿ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አፏን ከመርፌ በቀር የሚያስቆመው ነገር የለም።

«ሰማያዊውን ቀሚስ አጠበብኩልሽ» አለቻት መርፌዎቹን ከከንፈሯ ሳታወጣ። «ለእሑድ። የዶክተር እህት ‹ምን ለብሳ መጣች› እንጂ ‹ምን አስባ መጣች› አትልም።»

«እሑድ አልሄድም ይሆናል።»

የመኪናው ጎማ ቆመ። መርፌዎቹ አንድ በአንድ ከከንፈሯ ወጥተው የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ተሰኩ። ይህ የነገር ምልክት ነው።

ነገረቻት። ብልቃጡን፣ በረኪናውን፣ አምስት ቁጥርን፣ አንገቷን። ታናሿ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ይህ ራሱ ተአምር ነው።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ምን ሆነ? ዝም አይነቅዝም፣ እቴ።»

«በእኔ ሆድ ነቅዟል።»

«ስሚኝ። ሰውዬው ምን አለሽ? ሥራውን ዘጋሁ፣ ሚስቴን ቀበርኩ፣ አሁን አንቺ ነይልኝ አለሽ። አንቺ ደግሞ ምን ልትይው ነው? አልሞተችም፣ ብልቃጥ ውስጥ አየኋት? የሞተችን ሴት ከመቃብር ጠርተሽ ባልሽ ያውልሽ ልትያት ነው?»

«ሴትዮዋን አውቃታለሁ» አለች። «እሱን ልትጠይቅ ስትመጣ ወደ እኔም ብቅ ትል ነበር፤ በሩን ሳታንኳኳ አትገባም። ለእኔ በር ያንኳኳ ሰው እሷ ብቻ ናት።»

«እና ስለ ማንኳኳት ብለሽ ባል ትመልሻለሽ?»

«ሳይታገል ተሸነፈ አለ፣ ስለ ሰውነቷ። ታግሏል እኮ። በእጄ ይዤዋለሁ።»

ታናሿ ጨርቁን አነሳች፤ መልሳ ጣለችው። «ዕድሜሽን ሙሉ ትክክል ስትሆኚ ኖርሽ» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ቀን ደስተኛ ብትሆኚ ምን አለበት?»

እሷ ጓዳ ገብታ ከእህቷ የልኬት ደብተር አንድ ቅጠል ቀደደች። «ይድረስ ለዶክተር» ብላ ጻፈች። ቀጥላ «እኔ» ብላ ጻፈች። ከ«እኔ» ወዲያ ብዕሩ አልሄደም። በወረቀት ብነግረው ብቻውን ነው የሚያነበው፤ ሲያነበው ማን ያየዋል ብላ አሰበች። ቅጠሉን አጣጥፋ ቀደደችው። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው እንደገና መሮጥ ጀመረ። እህቷ ቀሚሱን እየጨረሰችው ነው። ያን ድምፅ እየሰማች፣ የሚወዳት ሰው በቤቱ እያለ እንዲህ ብቸኝነት የሚሰማት ለምን እንደሆነ ራሷን ጠየቀች።

---

አርብ ጠዋት ውሃውን ሳትከፍት የበሩ መስታወት ላይ ጥላው አረፈ።

ተላጭቷል። ሸሚዙም በልኩ ነው የተለበሰው። በሁለት እጁ ቅርጫት ይዟል፤ በቅርጫቱ ውስጥ ሰባት ብልቃጥ። ቀይ ናቸው ሁሉም።

«ጋሪ ላይ ላደርጋቸው ነበር» አላት። «አልሆነልኝም። በእጄ ላምጣልሽ ብዬ ነው።» ገንዳው ጫፍ ላይ አስቀመጣቸው። ብልቃጦቹ ተነካክተው ተንቃጨሉ። «በረኪናውን አንቺ ጨምሪው። እኔ እዚህ እቆማለሁ።»

የበረኪናውን ጀሪካን ያዘች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ዘጠኝ ዓመት ሳያስብ ሠርቶታል። ቀና ብላ ስታየው ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ያልጠየቃት ነገር ፊቱ ላይ አለ፤ እሑድ። ስለ እሑድ መልሱን ከፊቷ እያነበበ ነው። እንዲህ ያያት ሰው የለም፤ ባሏም አይቷት አያውቅም። አሁን ዝም ብላ ብትጨምረው ሁሉ ያልቃል። ሰባቱ ይሞታሉ፣ ሰውዬው ይድናል፣ ቤት ይኖራታል።

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አምስት ቁጥርን እኔ ደፍቼዋለሁ» አለች።

አልገባውም። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሰኞ ዕለት በታችኛው መደብ ላይ ነበር። ስልክ እያወሩ አስቀምጠውት ሄዱ። ቢጫ ሆኖ ነበር። በረኪና ጨመርኩበት። ረቡዕ ሲጠይቁኝ ዋሸሁ።»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ወረደ። ሲወርድ እያየችው ነበር፤ ብቻውን እንዳይሰማው ብላ ነው ፊት ለፊት የነገረችው፤ አሁን ግን ባላየሁት አለች።

«ቢጫ» አለ።

«ቢጫ።»

«እዚህ ተቀምጬ ‹አንዱ እንኳ ቢጫ ቢሆንልኝ› ስልሽ ታውቂ ነበር?»

«ያን ሰዓት ነው ያወቅሁት። ከዚያ በፊት የተበላሸ መስሎኝ ነበር።»

«ከዚያ በኋላስ? ይህን ሁሉ ቀን? በየቀኑ እዚህ ስመጣ? ደብዳቤውን ስሰጥሽ?» ድምፁ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። «እኔ ለአንቺ የማልነግርሽ ነገር አልነበረኝም።»

«አውቃለሁ።»

ከገንዳው በላይ ያለውን ወረቀት አየው፤ የራሱን ጽሕፈት። ለረጅም ጊዜ አየው። እሷ ወረቀቱን ጠቅሳ አልተከላከለችም፤ ግትርነቷ ለዚህ አልፈቀደላትም። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ቁጣው አልጠፋም፤ ከኋላው ሌላ ነገር መጥቶ ገፋው።

«ደፍራሽ ነበር?» አላት።

«አልነበረም። በመስኮቱ አይቼዋለሁ። የጠራ ነበር።»

«ሽታውስ?»

«ሽታ አልነበረውም። የተበላሸ ሲከፈት ሽታው እስከ ደረጃው ይደርሳል።»

«ከሥሩ ምን ነበር?»

«አሸዋ የመሰለ። ነቅነቅ ሳደርገው ተነስቶ ዞረ፤ ተመልሶ ተሰበሰበ።»

«ተመልሶ ተሰበሰበ?»

«አንድ ላይ። እንደሚተዋወቅ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ስለ እኔ ብለሽ አትጨምሪበት።»

«እናንተ ዘጠኝ ዓመት ያበላሻችሁትን ሁሉ የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «የተበላሸ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። ያ አልተበላሸም ነበር።»

ሣጥኑን ሳይገለብጥ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። እጁን አፉ ላይ አደረገ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ትከሻው እንደ ሕፃን ሲንቀጠቀጥ አየች። «ታግላለች» አለ። «ዘበኞቹ አውቀውት ነበር። ሰውነቷ አውቆት ነበር። እኔ እኮ… እኔ ደካማ ነው ብዬ…» የሚያናግረው እሷን አልነበረም። ክፍሏ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ገብቶ ነበር፤ ያውም አንኳኩቶ። እሷ ከገንዳዋ አጠገብ እንደ ጎረቤት ቆመች።

ወዲያው ቀና አለ። «አምስት» አለ። «አምስት እኮ የእሷ ብቻ አይደለችም። በብዙ ሰው ዕጢ ላይ ያለች ምልክት ናት።» ወደ ቅርጫቱ ዞረ። «ደሙ አንድ ደም ነው። ለስምንት ነው ያካፈልኩት። አምስትን የሚያውቁት በእነዚህም ውስጥ ጥቂት ይኖሩ ይሆናል፤ ምልክታቸውን ስላላገኙ ተኝተው። ብሰጣቸው…» እጁ ቅርጫቱን ጨበጠና ቆመ። መሬት ላይ ያለውን ጀሪካን አየ፤ ከዚያ እሷን። «አንድ ደቂቃ ዘግይተሽ ቢሆን ኖሮ» አላት።

«አዎ።»

«ዝም ብትዪ አላውቅም ነበር። እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አላውቅም ነበር። ለምን ነገርሽኝ?»

«በውሸት ብልቃጥዎን ማጠብ እችል ነበር» አለች። «በውሸት ማዕድዎ ላይ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ያቺም ሴት እንደ ተሸነፈች ሆና እንድትቀር አልፈለግሁም።»

ቅርጫቱን ከገንዳው ጫፍ አነሳ። ዓይኖቹ ፊቷ ላይ ነበሩ፤ ግን እንደ ቅድሙ አልነበሩም፤ የቅርብ ሰው ሆና ሳለ ከሩቅ ነው ያያት።

«ስለ እሑድ…» አለ።

ምን ሊል እንደሆነ መስማት አልፈለገችም። ነይ ቢላት ከምስጋና ይሆናል፤ ቅሪ ቢላት ከቁጣ ይሆናል፤ ሁለቱም የእሱ አይሆኑም። እሷ ደግሞ ሰው ከልቡ ያልዘገነላትን አትበላም።

«ስለ እሑድ አሁን አይናገሩ» አለችው። «ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው። ይሂዱ። ቀስ ብለው ይያዟቸው።»

ቅርጫቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። በሩን በትከሻው ነው የገፋው። የእግሩ ድምፅ በኮሪደሩ መጀመሪያ ሲራመድ፣ ቀጥሎ ሲፈጥን፣ ከዚያ ሲሮጥ ሰማችው። የማሞቂያው ክፍል በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ከቀትር በፊት ቀጮዋ ጭንቅላቷን አስገባች። «እትዬ ብልቃጥ፣ ዶክተሩን ምን አቀመስሽው? ያለቅሳል፣ ደግሞ ይስቃል፣ ‹ማንም እንዳይገባ› ይላል። ምን ሆነ?»

«የጠፋበት ነገር ተገኘለት።»

«አንቺስ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«እንፋሎቱ ነው» አለች።

ቀጮዋ ሄደች። እሷ ውሃውን ከፈተች። የሚታጠብ ዕቃ ብዙ አልነበረም፤ የታጠበውን ደግማ አጠበችው። የፈራችው ነገር ሁሉ ደርሶ ነበር፤ ግን ሲደርስ እንዳሰበችው አልነበረም። ሆዷ ውስጥ የነቀዘው ወጥቷል፤ በቦታው የገባ ነገር ግን የለም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሠርታ አታውቅም፤ እንዲህ ያለ ትክክል ነገርም። ለአንድ ሰው ልትነግረው ፈለገች። «ዛሬ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ?» ልትለው፣ እሱም ሣጥኑን ገልብጦ ተቀምጦ፣ እስክትጨርስ ሰምቶ፣ በመጨረሻ ሊስቅላት። በሐሳቧ አንድ በአንድ የምታውቃቸውን ሰዎች አየች፤ እህቷን፣ ቀጮዋን፣ ጎረቤቶቿን። ይህ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ከሁለት ግድግዳ ወዲያ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል፤ የነገረችውን ይዞ፣ ከሌላ ሴት ጋር።